ሰኞ ሥራ የምትገባው ሴት

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ አሥራ ስምንት ጊዜ ስለተሸነፈች ሴት ነው። ሽንፈቱ በጓዳ አልነበረም። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ካሜራ ፊቷ ላይ ተደቅኖ ነው የተሸነፈችው። ፖስታው ይከፈታል። የሌላ ሰው ስም ይጠራል። እሷ ፈገግ ብላ ታጨበጭባለች። ሰኞ ጠዋት ሥራ ትገባለች።

ሱዛን ሉቺ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ «ኦል ማይ ችልድረን» በሚባል የቀን ተከታታይ ድራማ ላይ ኤሪካ ኬን የተባለችን ገጸ ባሕርይ ለ41 ዓመት ተጫውታለች። አንድ ተዋናይት፣ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ 41 ዓመት። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ የትወና ተማሪዎች ናችሁና ቁጥሩን በልባችሁ ያዙልኝ።

ሁለት ነገር ላስቀድም። አንደኛ፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሁለተኛ፣ ሉቺ የተወለደችው በ1946 ነው። በዕድሜዋማ «እሳቸው» ማለት ነበረብኝ። ሞክሬም ነበር። ግን ኤሪካ ኬንን ሳስብ አንቱታው አፌ ላይ አልመጣ አለ። ይቅርታ ይደረግልኝ።

አሜሪካኖች እነዚህን የቀን ድራማዎች «ሶፕ ኦፔራ» ይሏቸዋል። ሶፕ ያው ሳሙና ነው። በ1930ዎቹ በሬዲዮ ሲጀምሩ አድማጮቻቸው በብዛት ቀን ቤት የሚውሉ ሴቶች ነበሩ። ሳሙና የሚገዙትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና አምራቾች የድራማውን ወጪ ቻሉ፤ በመሃል በመሃሉ ሳሙናቸውን አስተዋወቁ። «ኦፔራ» የሚለው ደግሞ ሽሙጥ ነው፤ ሙድ ሲይዙባቸው የወጣ ስም። ስሙ ጸና። ሽሙጡም አብሮት ጸና። ሉቺ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ይህ ሽሙጥ ባለበት ሙያ ውስጥ ነው።

የሙያው እናት ኢርና ፊሊፕስ የምትባል ደራሲ ናት። «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ሥራዋ በ1937 በሬዲዮ ተጀመረ። በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። ያበቃው በ2009 ነው። 72 ዓመት! የጀመሩት ሞተው፣ ልጆቻቸው ጡረታ ወጥተው፣ ድራማው ግን ገና አላለቀም።

ፊሊፕስ ካሠለጠነቻቸው አንዷ አግነስ ኒክሰን ነበረች። ኒክሰን ፍቅርና ቅናት ብቻ የምትጽፍ ሴት አይደለችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በ«ጋይዲንግ ላይት» ላይ ስለ ማሕፀን ካንሰር ምርመራ ልትጽፍ ተነሳች። ተፈቀደላት። ግን «ካንሰር» የሚለው ቃል እንዳይነሳ፣ «ማሕፀን» የሚለውም እንዳይነሳ ተባለች። ጻፈችው። ቃላቱን ሳትጠራ ነገሩን አስረዳች። ቤት ስትገቡ እስቲ ሞክሩት።

ይህችው ኒክሰን «ኦል ማይ ችልድረን»ን ፈጠረች። ኤቢሲ በተባለው ጣቢያ ጃንዋሪ 5 ቀን 1970 ጀመረ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። መቼም ዛሬ ስለ ሰኞና ስለ አርብ ደጋግሜ አነሳለሁ፤ አትታዘቡኝ። እነዚህ ድራማዎች ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ነው የሚተላለፉት። አርብ ዕለት ታሪኩን ገደል አፋፍ ላይ አድርሰው ያቆሙታል። በሩ ይንኳኳል፤ ማን እንደሆነ ሳናይ ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ተመልካቹ ሲብሰለሰል ይከርማል። ሰኞ በሩ ይከፈታል። እኔም ዛሬ እንደዚያው ላደርጋችሁ ነው። የኤሪካን የመጨረሻ ቀን አሁን አልነግራችሁም።

ሉቺ ያደገችው ከኒውዮርክ ወጣ ብሎ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ጋርደን ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የጣልያን ዘር ያለው የሕንፃ ተቋራጭ፣ እናቷ ነርስ ነበሩ። በ1968 ከሜሪማውንት ኮሌጅ በድራማ ተመረቀች። በሴፕቴምበር 1969 ሔልሙት ሁበር የተባለ ኦስትሪያዊ አገባች። የሆቴል ምግብ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። የተዋወቁትም እሷ በአስተናጋጅነት በምትሠራበት ሆቴል ነው። ይህን ሰው አትርሱት፤ ወደ በኋላ ይመጣል። ጋብቻው በሴፕቴምበር፣ ድራማው በጃንዋሪ። በጥቂት ወራት ውስጥ የዕድሜ ልክ ባልና የዕድሜ ልክ ሥራ አገኘች። ሁለቱም እንዲህ እንደሚቆዩ ግን ያኔ ማን ያውቃል? ለአዲስ ድራማ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

አሁን ወደ ኤሪካ እንምጣ።

ፓይን ቫሊ የምትባል ከተማ አለች። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ናት ይባላል፤ ካርታ ላይ ግን አታገኟትም፤ የኒክሰን ፈጠራ ናት። ኤሪካ ድራማው ሲጀምር የዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ሉቺ ያኔ 23 ዓመቷ ነው። ኤሪካ ቆንጆ ናት፤ መቆንጀቷንም ታውቃለች። ቀበጥ፣ ዋሾ፣ የሰው ፍቅር የማያስችላት። አባቷ የፊልም ሰው ነው፤ ጥሏቸው ሄዷል። እናቷ ሞና ብቻዋን አሳድጋታለች።

እንዲህ ያለች ገጸ ባሕርይ ስትሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ክፋቷን ይጫወታል። ቅንድቡን ያነሳል፣ ድምፁን ያሾላል፣ ያልቃል። ሉቺ የተጫወተችው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ክፋቷን ሳይሆን ፍላጎቷን ነው። ኤሪካ የምትዋሸው ለክፋት አይደለም። የፈለገችው ነገር ስለሚገባት ነው፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች። አባቷ የተዋት ልጅ ስለሆነች ማንም ደግሞ እንዲተዋት አትፈቅድም። ቀድማ ትተዋለች። ተመልካቹ ይናደድባታል፤ ደግሞም ያዝንላታል። ይህች ሴት መጣች ሲባል ልብስ የሚያጥበው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሳሎን ይገባል።

ባል? አቤት ባል! ከአሥር ጊዜ ያላነሰ ተሞሽራለች። ጄፍ ማርቲን፣ ፊል ብሬንት፣ ቶም ከዲሂ፣ አዳም ቻንድለር፣ ትራቪስ ሞንትጎመሪ፣ ዲሚትሪ ማሪክ፣ ጃክሰን ሞንትጎመሪ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አግብታዋለች። አንዳንዱ ጋብቻ ኋላ ሲጣራ ሕጋዊ አልነበረም። ትራቪስና ጃክሰን ወንድማማቾች ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ሰርግ የምትሠራው ተዋናይት ማታ ማታ የምትገባው ወደ አንድ ባሏ ነው።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ የተላለፈ ነው። ኤሪካ ጫካ ውስጥ ከድብ ጋር ትፋጠጣለች። ሉቺ አጭር ሴት ናት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከስልሳ አይበልጥም። ድቡ ደግሞ ድብ ነው። ሌላ ሰው ይሮጣል ወይም ይጮኻል። ኤሪካ ድቡን ትቆጣዋለች። እኔ ኤሪካ ኬን ነኝ፣ አንተ ቆሻሻ አውሬ ነህ ትለዋለች። አትችልም ትለዋለች። ድቡ ይሄዳል። ሰው እስከ ዛሬ ይህን ትዕይንት እያነሳ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን ሉቺ ራሷ እየሳቀች አይደለም። ልጅቷ ድቡን ከልቧ ነው የተቆጣችው። ነገሩ የሚያስቀውም፣ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ተዋናይዋ በገጸ ባሕርይዋ ላይ ብታሾፍ ኖሮ ትዕይንቱ ያኔውኑ ይሞት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዝናው ነው። ስለ ሥራው ላውራ።

ድራማው ሲጀምር በቀን ግማሽ ሰዓት ነበር። በ1977 አንድ ሰዓት ሆነ። ለአንድ ሰዓት የቀን ድራማ የሚጻፈው ስክሪፕት 80 ገጽ ያልፋል። የአንድ ቀን ነው የምላችሁ። ፊልም ላይ በቀን ሁለት ሦስት ገጽ ከተቀረጸ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። እዚህ ግን ዛሬ 80 ገጽ፣ ነገ ሌላ 80 ገጽ። ታሪኩ በእናንተ ላይ ያተኮረ ሳምንት ከሆነ ግማሹ ቃል የእናንተ ነው። ማታ ቤት ገብታችሁ ልጅ ታስተኛላችሁ፤ ከዚያ ቃለ ተውኔት ትይዛላችሁ። ጠዋት ትናገሩታላችሁ። ማታ የትናንቱን ከጭንቅላታችሁ ጠርጋችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። ሉቺ ሁለት ልጆች ወልዳ ያሳደገችው በዚህ መሃል ነው። እኔ አንድ ገጽ ይዤ መድረክ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገሩ ከፊልም ይልቅ ለቲያትር የቀረበ ነበር። ጠዋት የመቆሚያ ቦታ ልምምድ፣ ሜካፕ፣ ልብስ። ከዚያ ሦስት ካሜራ ተተክሎ፣ ክፍሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ መድረክ ሥራ ሳይቋረጥ ይቀረጻል። ማስታወቂያ በሚገባበት ቦታ ብቻ ይቆማል። ቴፕ መቁረጥና መቀጠል ውድ ነበር። ስለዚህ ቃል ብትስቱ፣ በር አልከፈት ቢላችሁ፣ ዕቃ ከእጃችሁ ቢወድቅ፣ እንደምንም አስተካክላችሁ ትቀጥላላችሁ። «ይደገምልኝ» የሚባል ነገር ብዙም የለም። ኋላ ኋላ ደግሞ አሠራሩ ተለወጠ፤ በቅደም ተከተል መሆኑ ቀረና ትዕይንቶቹ እንደየቤቱ መቀረጽ ጀመሩ። የአንድ ሳሎን ትዕይንቶች ሁሉ፣ የተለያየ ቀን ቢሆኑም፣ በአንድ ጊዜ ይጠራረጋሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትፋቱታላችሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ገና ትተዋወቁታላችሁ።

ሌላም አለ። ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት ካሜራው ፊታችሁ ላይ ይቀራል። ቃላችሁን ጨርሳችኋል። የምትሉት የለም። ግን ገና አልቆረጠም። ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ አንድ ነገር ማሰብ አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚሳለቅበት ያ «የሶፕ ፍጥጫ» ይህ ነው። ጀማሪ ተዋናይ እዚህ ላይ ይራቆታል፤ ውስጡ ባዶ መሆኑ ይታያል። ሉቺን እዚህች ቦታ ላይ ተመልከቷት። ዓይኗ ውስጥ የሚቀጥለው ተንኮል ሲሸረብ ታያላችሁ።

የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዋ አብዛኛው ዛሬ የለም። ያኔ ቴፕ ውድ ነው። የቀን ድራማ ደግሞ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚረሳ ነገር ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው። ስለዚህ ቴፑን አጥፍተው ሌላ ይቀዱበታል። ያቺ የ23 ዓመት ልጅ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትሞክር፣ ስትሳሳት፣ ኤሪካን ቀስ በቀስ ስታገኛት ያለው ጊዜ ነው የጠፋው። እኔ የማስተምርበት ቢሆን ከሁሉ በፊት የምፈልገው እሱን ነበር።

ድራማው ቀልድና ሰርግ ብቻ አልነበረም። በጃንዋሪ 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ አደረገ። በዚያው ዓመት ኤሪካ ፅንስ አቋረጠች። የሞዴልነት ሥራ ነበራት፤ ልጅ አልፈለገችም። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሕጋዊ ፅንስ ማቋረጥ በገጸ ባሕርይ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። በ26 ዓመቷ ያን ለመጫወት ድፍረት ይጠይቃል፤ ያውም በየቤቱ ሳሎን በሚገባ ድራማ። ግን ሶፕ መቼም ሶፕ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2006፣ ሌሎች ጸሐፊዎች መጥተው «ያ ፅንስ አልጠፋም፤ ሐኪሙ ወስዶ ሌላ ሴት ማሕፀን ውስጥ አስቀምጦት ነበር» አሉ። ልጁ አድጎ፣ ጎረምሳ ሆኖ፣ ፓይን ቫሊ ገባ። ጉድ ነው! ብዙ ተመልካች ተቆጣ። እኔም እቆጣለሁ። የሚገርመኝ ግን ሉቺ ያንንም መጫወቷ ነው። ስክሪፕቱን የምትጽፈው እሷ አይደለችም። ጠዋት የተሰጣትን ማመን አለባት።

አንዳንዴ ደግሞ ድራማውና ኑሮው ይቀላቀላል። ኤሪካን የወለደችውን ሞናን የምትጫወተው ፍራንሲስ ሔፍሊን ነበረች። ከ1970 ጀምሮ እናትና ልጅ ሆነው አብረው ሠርተዋል። ሔፍሊን በ1994 ሞተች። ድራማውም ሞናን ገደላት። ኤሪካ በካሜራ ፊት ለእናቷ አለቀሰች። 24 ዓመት «እማዬ» ስትላት የኖረች ሴት ናት። የትኛው ለቅሶ የማን እንደሆነ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ ሽንፈቱ።

ለቀን ድራማዎች የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት «ዴይታይም ኤሚ» ይባላል። ሉቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የታጨችው በ1978 ነው። አላሸነፈችም። ከ1981 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ታጨች። በየዓመቱም ሌላ ሰው ወሰደው። አምስት፣ ስድስት፣ አሥር። አሥር ላይ ሲደርስ ነገሩ ከሽልማቱ በላይ ወሬ ሆነ። በዚያ ምሽት ያሸነፈችው ሴት ስም አይታወስም፤ ሉቺ መሸነፏ ግን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የኤሪካን ባል አዳምን የሚጫወተው ዴቪድ ካነሪ በሙያ ዘመኑ አምስት ኤሚ ወስዷል። በ1995 ደግሞ የኤሪካን ልጅ ኬንዳልን ትጫወት የነበረችው ሳራ ሚሼል ጌላር በወጣቶች ዘርፍ አሸነፈች። ገና አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ይዛ ስትወጣ እናትየው ባዶ እጇን!

ለምን? ብዙ መላ ምት አለ። እኔ የምለውን ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ዳኞቹ ዓመቱን ሙሉ አይከታተሉም። ከዓመቱ ሥራ ተመርጦ የተላከላቸውን ክፍል ያያሉ፤ ይፈርዳሉ። ይህ ከጋቢው አንድ ክር መዞ ስለ ጋቢው እንደ መፍረድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ለቅሶ ነው። ልጇ የሞተባት፣ የካንሰር ዜና የተነገራት፣ ያበደች ሴት። ኤሪካ ብዙ ጊዜ ስታለቅስ አይደለም የምትገኘው፤ ስታስለቅስ ነው። የሉቺ ጥበብ ደግሞ በአንድ ክፍል አይያዝም። የዛሬዋ ኤሪካ አባቷን ስትጠላ ያቺ የ1970ዋ ልጅ ዓይኗ ውስጥ ካልታየቻችሁ ምኑን አያችሁት? ያን የሚያየው ከሥር ከሥር የተከታተለ ሰው ብቻ ነው። ቤት ያለችው እመቤት አይታዋለች። ዳኛው አላየውም። ይህ ለሽንፈቷ ምክንያት መፈለግ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

ሉቺ ግን ምን አደረገች? አላኮረፈችም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በስኳር ምትክ የሚገባ ማጣፈጫ ስታስተዋውቅ፣ ኤሚ ባለማግኘቷ ስትጮህና ስትቆጣ የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠራች። በኦክቶበር 1990 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቀልድ ዝግጅት ስትመራ ደግሞ በራሷ ሽንፈት አስቀለደች። ሰው ሙድ ሊይዝባት ሲመጣ እሷ ቀድማ ይዛ ትጠብቀዋለች። ይህ የኤሪካ ዘዴ አይደለም። ኤሪካ ብትሆን ዋንጫውን ከአሸናፊዋ እጅ ትነጥቅ ነበር።

ሜይ 21 ቀን 1999 ምሽት። ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ያለው ቲያትር። አሥራ ዘጠነኛ እጩነቷ ነው። ሸማር ሙር የተባለ ወጣት ተዋናይ ፖስታውን ከፈተ። ስሟን እንኳ ገና ሳይጠራ የሽንፈቱ ሰንሰለት ተበጠሰ ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተነሣ። ቪዲዮው አለ፤ ፈልጋችሁ እዩት። ጭብጨባው አልቆም አለ። ሊቆም ሲል ይነሣል። ተፎካካሪዎቿ ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። እሷ መድረኩ ላይ ቆማ አፏን ትከፍትና ትዘጋለች፤ መናገር አልቻለችም። ደቂቃዎች አለፉ። በመጨረሻ ተናገረች። ባሏን፣ ልጆቿን፣ ኒክሰንን፣ ሁሉንም አመሰገነች። ከዚያም ሰኞ ወደ ስቱዲዮው ተመልሼ ኤሪካ ኬንን እጫወታለሁ አለች።

ዕለቱ አርብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ታጭታለች። አላሸነፈችም። ማንም ግን አልጻፈበትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብሮድዌይ ወጥታ በአንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ለጥቂት ሳምንት ዋናዋን ሆና ዘፈነች። በ2008 «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ላይ ጨፈረች። በስሟ የፀጉርና የውበት ዕቃዎች በቴሌቪዥን ገበያ ተሸጡ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያ አትርሱት ያልኳችሁ ሔልሙት አለ። የሆቴል ሥራውን ትቶ ማናጀሯ ሆኖ ነበር። ውል የሚደራደረው፣ ገንዘብ የሚያስበው እሱ ነው። በ1990ዎቹ ደመወዟ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ይዘገብ ነበር፤ በቀን ድራማ ከሁሉ ከፍተኛው። ተሸናፊ ለሚባል ሰው አይከፋም።

የሙያው መጨረሻ ግን እየቀረበ ነበር። ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ሥራ ገብተዋል። ኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ አብዝቷል። በ1995 በግድያ የተከሰሰው ታዋቂ ስፖርተኛ የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ችሎት ለወራት የቀኑን ሰዓት ሲይዘው ብዙ ተመልካች ከድራማዎቹ ሸሸ፤ ሁሉም አልተመለሰም። ድራማ ደግሞ ውድ ነው። ተዋናይ፣ ጸሐፊ፣ ቤት፣ ልብስ፣ በየቀኑ። አራት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ማስወራት ርካሽ ነው። ኤቢሲ ወጪ ለመቀነስ ቀረጻውን ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረው። ሉቺ 63 ዓመቷ ላይ አገር አቋርጣ ተከተለች። ኤፕሪል 14 ቀን 2011 ጣቢያው ድራማው ሊቆም ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ። ከ2013 እስከ 2016 «ዲቪየስ ሜይድስ» በተባለ ድራማ ላይ ዠኔቪዬቭ የምትባል ሀብታም እመቤት ሆነች፤ እያሳቀች። በ2013 የድሮ ድራማዋን በኢንተርኔት ሊያስነሡት ሞክረው ነበር። እሷ የለችበትም። ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየም።

በኦክቶበር 2018 ደረቷን ተጫናት። መጀመሪያ ናቀችው። ሲመለስም ናቀችው። ዕቃ ልትገዛ አንድ ሱቅ ውስጥ እያለች ግን ደረቷ ላይ ዝሆን የተቀመጠ መሰላት። ሆስፒታል ስትደርስ ዋናው የልብ ደም ሥሯ 90 በመቶ ተዘግቶ ተገኘ። ቱቦ አስገብተው ከፈቱት። ስፖርት በየቀኑ የምትሠራ፣ ምግቧን የምትጠነቅቅ ሴት ናት፤ ግን አባቷም የልብ ሕመምተኛ ነበር። ነገሩን አልደበቀችም። ሴቶች የራሳቸውን ሕመም ወደ ኋላ ማስቀመጥ እንደሚያበዙ እያነሳች በየመድረኩ መናገር ያዘች። ሔልሙት በማርች 2022 አረፈ። 52 ዓመት በትዳር ኖረዋል። ኤሪካ ይህን ብትሰማ ፍንድት ብላ ነበር የምትስቀው። በዲሴምበር 2023 የዴይታይም ኤሚ ሰዎች የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሽልማት ሰጧት። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ያንን ጭብጨባ እንግዲህ ታውቀዋለች።

አሁን የጓጓችሁበት። ወይም ረስታችሁት ከሆነ፣ እኔ አልረሳሁትም።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2011። «ኦል ማይ ችልድረን» በኤቢሲ የሚተላለፍበት የመጨረሻ ቀን። ከ10,000 በላይ ክፍል ተላልፏል። የቻንድለሮች ቤት ድግስ አለ፤ ፓይን ቫሊ በሙሉ ተሰብስቧል። ኤሪካና ጃክሰን ሊጋቡ ነበር። እሷ ግን ሰርጉን አቆይልኝ አለችው። ስለ ሕይወቷ ፊልም ሊሠራ ነው፤ እሱ ይቅደም። ጃክሰን ሰለቸው። በሰው ሁሉ ፊት ትቷት ወጣ። ሰው ቀድማ የምትተወው ኤሪካ በመጨረሻው ቀኗ የተተወችው እሷ ሆነች። ልትመልሰው ሞከረች። ከግድግዳው ጀርባ፣ በሚስጥር መተላለፊያው ውስጥ፣ የአዳም ልጅ ጄ.አር. ሽጉጥ ይዞ ቆሟል። አነጣጠረ። ማን ላይ እንደሆነ አይታይም። ስክሪኑ ጨለመ። ተኩስ ተሰማ።

አለቀ።

ዕለቱ አርብ ነበር። ሰኞ በዚያው ሰዓት የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ጀመረ።